በአነስተኛ በጀት በተሠራ የአደጋ ተከታታይ ፊልም ላይ የተመልካችን አስተያየት እንዴት ሰብስቦ መጻፍ ይቻላል?

መሬት ስትሰነጠቅ፣ ጨረቃ ከምሕዋሯ ስትወጣ ወይም ግዙፍ ማዕበል ከተማ ሲያጥለቀልቅ የሚያሳዩ፣ በሁለት ወይም በሦስት ክፍል የሚያልቁ የሳይንስ ልብ ወለድ ተከታታይ ፊልሞች በባሕር ዳር ተመልካች አያጡም። ተማሪዎች በፔዳና በፖሊ ግቢ በአንድ ላፕቶፕ ዙሪያ ተሰብስበው ያዩዋቸዋል፤ በየሰፈሩ ቪዲዮ ቤቶች በአማርኛ ትርጉም ይቀርባሉ፤ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ እየተገለበጡም ቤት ለቤት ይዞራሉ። ሆኖም ከፊልሙ በኋላ የሚነገረው አስተያየት አብዛኛውን ጊዜ «አሪፍ ነው» ወይም «ፎርጅድ ነው» ከሚል አያልፍም፤ ለምን እንዲህ እንደተባለ የሚጠይቅም ሆነ የሚጽፍ ሰው ጥቂት ነው። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው በግቢ ክበብ፣ በወጣት ማዕከል ወይም በአንድ ካፌ ጓሮ እንዲህ ያለውን ፊልም አሳይቶ የተመልካቾችን አስተያየት በሥርዓት ለመሰብሰብና ለመጻፍ ለሚፈልግ ሰው ነው።

በጥቂት ገንዘብ የተሠራን የቴሌቪዥን ፊልም ለሲኒማ በብዙ ሚሊዮን ዶላር ከተሠራ ፊልም ጋር አስተያይቶ «ግራፊክሱ ደካማ ነው» ማለት ለማንም አዲስ ነገር አይነግርም፤ ሠሪዎቹ ራሳቸው አስቀድመው ያውቁታል። የሚጠቅመው አስተያየት ገንዘብ በማጠሩ የተበላሸውን ጥንቃቄ በመጉደሉ ከተበላሸው ለይቶ የሚያሳይ ነው። ተመልካች የመጀመሪያውን ይቅር ሊል ይገባል፤ ሁለተኛውን ግን ሊጠይቅበት መብት አለው። ከዚህ በታች የቀረበው አሠራር ሁሉ የታሰበው ይህንን ልዩነት ከተመልካቾች አንደበት ለማውጣት ነው።

ከማሳየትዎ በፊት

ፊልሙን አስቀድመው ብቻዎን እስከ መጨረሻው ይዩት። የእያንዳንዱ ክፍል ርዝመት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ ይህም የሆነው ክፍሉ ከነማስታወቂያው ሁለት ሰዓት ለሚሞላ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ስለሚሠራ ነው። የዚህ አሠራር ምልክት በታሪኩ አካሄድ ላይ በግልጽ ይታያል። ማስታወቂያ ሊገባ ሲል ተመልካቹ ጣቢያ እንዳይቀይር አንድ አስደንጋጭ ነገር ይከሰታል፤ ከማስታወቂያው በኋላ ደግሞ ዘግይቶ ለመጣ ሰው ጉዳዩ በአጭሩ ይደገማል። ማስታወቂያው በወጣለት ቅጂ ግን ይህ ድግግሞሽ የጸሐፊው ድክመት ብቻ መስሎ ይታያል። ስለዚህ ፊልሙ ከመጀመሩ በፊት በሁለት ዓረፍተ ነገር ይህንን ለተመልካቾች ይንገሯቸው፤ ከዚህ በላይ ግን ስለ ፊልሙ ምንም አይናገሩ፤ የእርስዎ ፍርድ አስቀድሞ ከተሰማ የእነርሱን መስማት ያዳግታል። ሁለቱን ክፍሎች በአንድ ቀን ከማሳየት ይልቅ በሁለት ተከታታይ ምሽቶች ማሳየት ይሻላል። በመካከሉ ያለው ሌሊት ራሱ መለኪያ ነው፤ በሁለተኛው ምሽት ማን ተመልሶ መጣ፣ ማንስ ቀረ የሚለው ከብዙ ንግግር የበለጠ ያስረዳል።

በአማርኛ የተተረጎመ ቅጂ የሚያሳዩ ከሆነ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የእኛ የቪዲዮ ቤት ተርጓሚዎች ንግግሩን ከቋንቋ ወደ ቋንቋ በመመለስ ብቻ አይወሰኑም፤ ገጸ ባሕርያቱን በአገርኛ ያናግራሉ፣ ቀልድ ይጨምራሉ፣ የሚያሰለቸውን የሳይንስ ማብራሪያ በአንድ ሐረግ ያሳጥራሉ። ይህ ሊከበር የሚገባው ጥበብ ነው፤ ብዙ ደካማ ፊልም በተርጓሚው ብርታት ሲወደድ አይቻለሁ። ነገር ግን ተመልካቹ «ጨዋታው ጥሩ ነበር» ሲል ያመሰገነው የስክሪፕቱን ጸሐፊ ይሁን ተርጓሚውን መለየት አይቻልም። ተመልካቾቹ እንግሊዝኛውን ከሰብታይትል ጋር መከታተል ከቻሉ ዋናውን ቅጂ ያሳዩ። ካልቻሉ የተተረጎመውን ያሳዩ፤ ይሁን እንጂ ስለ ተርጓሚው ለብቻው ጥያቄ ያዘጋጁ፤ በሚጽፉት ላይም የትኛው ቅጂ እንደታየ ይግለጹ።

ማንን መጋበዝ ይገባል

ከአሥራ አምስት የማይበልጡ ሰዎች ይበቃሉ፤ ዋናው ቁም ነገር የተለያየ ሙያና ዕድሜ ያላቸው መሆናቸው ነው። የጂኦሎጂ ወይም የምሕንድስና ተማሪ መጋበዝ ማንም የሚያስበው ነው፤ ሳይንስ አልተማረም ተብሎ የሚታለፈው ሰው ግን አንዳንድ ጊዜ ከሁሉም የተሻለ ዳኛ ይሆናል። በጣና ላይ ዓሣ የሚያሰግር ወይም ወደ ዘጌ ጀልባ የሚነዳ ሰው ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ሐይቁ እንዴት እንደሚለወጥ ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል፤ የደንገል ታንኳ ማዕበል ሲያገኛት እንዴት እንደምትነሳና እንደምታጋድል አብጠርጥሮ ያውቃል። በአደጋ ፊልም ውስጥ ደግሞ በጥቂት ገንዘብ ለመሥራት እጅግ ከሚያስቸግሩት ነገሮች አንዱ ውሃ ነው። በትንሽ ሞዴል የተቀረጸ ውሃ ጠብታው ከሞዴሉ ጋር አብሮ ስለማያንስ ወዲያው ያሳብቃል፤ በኮምፒዩተር የሚሠራውም የአረፋውንና የፍንጣሪውን እንቅስቃሴ በዝርዝር ለማስላት ረጅም ጊዜና ብዙ ወጪ ይጠይቃል። አንድ ዓሣ አስጋሪ «ይሄ ውሃ ክብደት የለውም» ካለ ባለሙያው በብዙ ገጽ የሚያብራራውን በአራት ቃል ጨርሶታል ማለት ነው። ቃሉን ሳይለውጡ ይመዝግቡት።

ከዚህ በተጨማሪ ልጆች የሚያሳድጉ ወላጆችን፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን፣ ግንበኛ ወይም ብየዳ ሠራተኛ የሆነ ሰው ቢገኝም እርሱን ይጋብዙ፤ ሕንፃ ሲፈርስ የሚያየው ዓይን ከሌሎቻችን የተለየ ነው።

ከውይይት በፊት ወረቀት ይቅደም

ፊልሙ እንዳለቀ ወዲያው ውይይት አይክፈቱ። በእኛ ዘንድ ታላቅ ከተናገረ በኋላ ታናሽ ሐሳቡን ይቆርጣል፤ ጋባዡን ላለማስቀየም ሲባልም በይሉኝታ «ጥሩ ነው» ማለት የተለመደ ነው። ሁለቱም መልካም ጠባዮች ናቸው፤ ለአስተያየት አሰባሰብ ግን እንቅፋት ይሆናሉ። ስለዚህ አስቀድመው ለእያንዳንዱ ሰው ስም የማይጻፍበት ወረቀት ያድሉና ከማንም ጋር ሳይነጋገር እንዲጽፍ ይጠይቁ። መጻፍ ለሚቸግረው ሰው አንድ ረዳት ፈንጠር ብሎ እየጠየቀ ቃል በቃል ይጻፍለት። ከዚያ በኋላ ውይይቱ ሲጀመር በዕድሜ ታናሽ የሆነው አስቀድሞ እንዲናገር ያድርጉ፤ ታላላቆቹን ይህ የሚደረግበትን ምክንያት በአክብሮት ካስረዷቸው ቅር አይላቸውም፤ እንዲያውም ወጣቶቹን የሚያደፋፍሩት እነርሱ ይሆናሉ።

በወረቀቱ ላይ «ፊልሙን ወደዱት?» ብሎ መጠየቅ ብዙ አይጠቅምም፤ መልሱ አዎ ወይም አይደለም ሆኖ ይቀራል። የሚከተሉት ጥያቄዎች የተሻለ ፍሬ ይሰጣሉ። ፊልሙን ማመን ያቆሙት የትኛው ትዕይንት ላይ ነው? ከገጸ ባሕርያቱ ለማን ፈሩ? ነገ ጠዋት ለቤተሰብዎ የሚተርኩት የትኛውን ክፍል ነው? ካስከፋዎት ነገር መካከል ብዙ ገንዘብ ቢኖር የሚስተካከለው የትኛው ነው? ገንዘብ ቢኖርም የማይስተካከለውስ? የመጨረሻዎቹ ሁለት ጥያቄዎች የሥራው ሁሉ ምሰሶ ናቸው፤ ሌላው ቢቀር እነርሱ መቅረት የለባቸውም። የመጀመሪያው ክፍል ባለቀበት ምሽት ደግሞ አንድ ጥያቄ ብቻ ይበቃል፤ ይኸውም ነገ ምን ይሆናል ብለው ይጠብቃሉ የሚል ነው።

ገንዘብ ያጎደለውና ጥንቃቄ ያጎደለው

መልሶቹ ሲሰበሰቡ የመለየቱ ሥራ ይጀምራል፤ ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጡት የሚገባው ይህ ነው። የገንዘብ እጥረት በፊልሙ ላይ የሚያሳየው መልክ ይታወቃል። ታሪኩ አብዛኛውን ጊዜ ስክሪኖች በተደረደሩበት አንድ ክፍል ውስጥ ይውላል፤ ዓለም ስትጠፋ የምንሰማው ከዜና አንባቢ አፍ ነው፤ ከሌላ ቦታ የተገኘ የጎርፍ ወይም የእሳት ምስል መሐል ላይ ይገባል፤ ያው የፈረሰ ሕንፃ ከሌላ አቅጣጫ ተመልሶ ይታያል፤ የመሬት መንቀጥቀጡም ካሜራውን በማነቃነቅ ብቻ ይገለጻል። ተመልካቹ በእነዚህ ቢያማርር አስተያየቱን ይመዝግቡ፤ ግን አንድ ጥያቄ ይጨምሩለት፦ አደጋው በዓይን ባለመታየቱ ፈሩ ወይስ ተሰላቹ? ብልህ አዘጋጅ ሕንፃ ማፍረስ ሲያቅተው በሩን ዘግቶ ድምፁን ብቻ ያሰማል፤ በበሩ ሥር የሚገባውን አቧራና የሰዎቹን ፊት ያሳያል። ይህ ወጪው ጥቂት ነው፤ ፍርሃቱ ግን እውነተኛ ነው። «ምንም አላሳዩንም» የሚሉ ሰዎች ሲጠየቁ «ግን እዚያ ጋ ልቤ ቆሞ ነበር» ማለታቸው ብዙ ጊዜ ያጋጥማል፤ ያ መልስ ከመጀመሪያው ቅሬታ ይበልጣል።

የጥንቃቄ ጉድለት ሌላ ነው። በቀኝ ጉንጭ ላይ የነበረ ቁስል በሚቀጥለው ትዕይንት ወደ ግራ ከተዛወረ፣ ገጸ ባሕርዩ ማንም ያልነገረውን ነገር ካወቀ፣ መንገዶች ሁሉ ፈራርሰዋል ተብሎ ሳለ ሰዎቹ ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው በደቂቃዎች ከደረሱ፣ ሁለት ሳይንቲስቶች ሁለቱም ጠንቅቀው የሚያውቁትን ነገር ለተመልካቹ ሲሉ እርስ በርሳቸው ካብራሩ፣ ይህ ሁሉ በበጀት አይሳበብም። ሁለት ሰዎች በአንድ ክፍል ተቀምጠው የሚነጋገሩበት ትዕይንት በማንኛውም ፊልም ውስጥ ርካሹ ትዕይንት ነው፤ ስለዚህ ጥሩ ንግግር ለመጻፍ ድሃው ፊልም ከባለጸጋው እኩል ዕድል አለው። ሰሚ ያጣ ሳይንቲስት፣ ማስጠንቀቂያውን የሚንቅ ባለሥልጣን፣ በአደጋው መሐል የሚታረቁ የተፋቱ ባልና ሚስት፣ ወላጁን አልሰማም ብሎ የሚጠፋ ልጅ በእነዚህ ፊልሞች በየጊዜው ይመላለሳሉ። መመላለሳቸው ብቻውን ጥፋት አይደለም፤ ተመልካችዎን መጠየቅ ያለብዎ ይህኛው ሳይንቲስት ወይም ይህኛው አባት የራሱ የሆነ ነገር ነበረው ወይ ብለው ነው።

በዚህ ረገድ ከእናቶችና ከአዛውንቶች ደጋግሜ የሰማሁት አስተያየት አለ፤ እኔም ሙሉ በሙሉ እስማማበታለሁ። በፊልሙ ውስጥ ሚሊዮኖች ያልቃሉ፣ ለቅሶ ግን የለም። ማንም አይቀበርም፤ ማንም ድንኳን ጥሎ አይቀመጥም፤ ጎረቤት ሞተ ሲባል ገጸ ባሕርያቱ ወደ ሄሊኮፕተራቸው ይሮጣሉ፤ በመጨረሻም ዋናው ቤተሰብ ስለተረፈ ሙዚቃው ደስታ ያበስራል። ሞት ሲሰማ ሥራ ፈትቶ ለሚደርስ ሕዝብ ይህ ከማንኛውም የግራፊክስ ጉድለት ይልቅ ፊልሙን የሚያሳንስ ነገር ነው። አንዲት ሴት የሞተ ሰው ጫማ ይዛ ለአንድ ደቂቃ ዝም ብላ ብትታይ የሚያስወጣው ገንዘብ የለም። እንዲህ ዓይነት አስተያየት ሲገኝ ሰፋ ያለ ቦታ ይስጡት፤ ፊልሙን በሠሩት ሰዎች አገር በቀላሉ ላይሰማ የሚችል ሂስ ነውና።

አስተያየት የሚከፋፈልባቸው ቦታዎችም አሉ። አባት የቆሰሉ ሰዎችን ትቶ የራሱን ልጅ ፍለጋ ሲሄድ ግማሹ ተመልካች «ምን ያድርግ» ይላል፤ ግማሹ ይኮንነዋል። ለማስታረቅ አይሞክሩ፤ ሁለቱንም ከነምክንያታቸው ይጻፉ።

የሳይንሱን ጉዳይ መመርመር

የሳይንስ ልብ ወለድ አንድ ትልቅ ፈጠራ ይፈቀድለታል፤ ጨረቃ ብትቀርብስ፣ ምድር ብትሰነጠቅስ ብሎ መነሳት መብቱ ነው። «ይህ ሊሆን አይችልም» የሚል አስተያየት በመነሻው ሐሳብ ላይ ከሆነ ይለፉት፤ መነሻው ከተሰጠ በኋላ በሚከተለው ላይ ከሆነ ግን ይመርምሩት። ለማጣራት የሚያግዙ ጥቂት እውነታዎችን እጅዎ ላይ ይያዙ።

እ.ኤ.አ. በ2004 በአሜሪካው ኤንቢሲ ቴሌቪዥን የተላለፈው ባለ ሁለት ክፍል ተከታታይ «10.5» የሚለውን ርዕስ ያገኘው ከመሬት መንቀጥቀጥ መለኪያ ነው። እስከ ዛሬ በመሣሪያ ከተመዘገበው ሁሉ የሚበልጠው እ.ኤ.አ. በ1960 በቺሊ የደረሰው 9.5 ነው። ከ9.5 ወደ 10.5 ያለው ልዩነት በቁጥር አንድ ብቻ ይምሰል እንጂ የሚለቀቀው ኃይል 32 ጊዜ ያህል ይበልጣል። የመንቀጥቀጡ መጠን በሚንሸራተተው ስንጥቅ ርዝመት ስለሚወሰን፣ 10 ወይም ከዚያ በላይ የሚያስነሳ ርዝመት ያለው ስንጥቅ በምድር ላይ አይታወቅም። በአውሎ ነፋስ ፊልሞችም ተመሳሳይ ነገር ይታያል፤ የአትላንቲክ አውሎ ነፋስ የሚመደብበት መለኪያ የሚያበቃው ምድብ 5 ላይ ሲሆን፣ ይህም በሰዓት 252 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ የሚነፍሰውን ሁሉ ያጠቃልላል፤ ምድብ 6 የሚባል የለም።

ከሰማይ የሚመጣ ዐለት በመጨረሻው ደቂቃ በቦምብ ሲበተን ከታየ፣ ስብርባሪው አቅጣጫውን ሳይለውጥ ሊቀጥል እንደሚችል ያስታውሱ። ትክክለኛው ዘዴ ቀደም ብሎ ትንሽ መግፋት ነው፤ ናሳ እ.ኤ.አ. መስከረም 26 ቀን 2022 ዳርት የተባለችውን መንኮራኩር ዲሞርፎስ ከተባለች 160 ሜትር ገደማ ስፋት ካላት የጠፈር ዐለት ጋር አጋጭቶ፣ በሌላ ትልቅ ዐለት ዙሪያ ለመዞር 11 ሰዓት ከ55 ደቂቃ ይፈጅባት የነበረውን ጊዜ በግማሽ ሰዓት ያህል አሳጥሮታል። ጨረቃን በሚመለከት ደግሞ አማካይ ርቀቷ 384,400 ኪሎ ሜትር ነው፤ ርቀቱ በግማሽ ቢቀንስ የውቅያኖስን ውሃ የሚያነሳው ስበቷ ስምንት እጥፍ ይሆናል። የጣና ሰው በሐይቁ ላይ በጨረቃ ምክንያት ውሃ ሲነሳና ሲወርድ አይቶ ስለማያውቅ ይህን ፈጠራ ነው ሊል ይችላል፤ ሐይቁ ትንሽ በመሆኑ ለውጡ በዓይን የሚታይ ባለመሆኑ እንጂ በውቅያኖስ ዳርቻ ይህ የየዕለት ክስተት ነው።

ስለ ማዕበል ፍጥነት ክርክር ከተነሳ ጣና ራሱ ጥሩ መነጻጸሪያ ይሆናል። ረጅም ማዕበል የሚጓዝበት ፍጥነት የሚወሰነው በውሃው ጥልቀት ነው። በአማካይ 9 ሜትር ገደማ ጥልቀት ባለው ጣና ላይ እንዲህ ያለ ማዕበል በሰዓት 34 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ 4,000 ሜትር በሚጠልቅ ውቅያኖስ ላይ ግን ከ700 ኪሎ ሜትር ያልፋል። ስለዚህ በጥልቁ ውቅያኖስ ላይ የአውሮፕላን ያህል የሚፈጥን ማዕበል ያሳየ ፊልም አልዋሸም፤ ወደ ዳርቻው ከደረሰ በኋላም በዚያው ፍጥነት ያስኬደው ከሆነ ግን ተሳስቷል።

የተመልካቹ እርማት ራሱ የሚሳሳትበት ጊዜም አለ። «መሬት እንዲህ በአጭር ጊዜ አይከፈትም» የሚል አስተያየት ሲመጣ፣ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2005 በአፋር ዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ያህል በሚረዝም መስመር ላይ ምድሪቱ በሳምንታት ውስጥ እስከ 8 ሜትር መለያየቷን ያስታውሱ። አስተያየቱን አይሰርዙ፤ እውነታውን ከጎኑ ይጻፉ። ተናጋሪውን እንዳያሳፍሩ ግን ማስተካከያው የእርስዎ የአዘጋጁ እንጂ የሌላ ተመልካች መልስ ሆኖ አይቅረብ።

አጻጻፉ

በጽሑፉ መግቢያ ፊልሙ የተሠራበትን ዓመት፣ የክፍሎቹን ብዛት፣ የታየውን ቅጂና የተመልካቾቹን ሙያና ዕድሜ ያስቀምጡ። ዓመቱ ወሳኝ ነው፤ ከሃያ ዓመት በፊት የተሠራ የኮምፒዩተር ጢስ በዛሬ ዓይን ብቻ ሊዳኝ አይገባውም። የአሥራ አራት ሰዎችን መልስ በመቶኛ አይግለጹ፤ «ከአሥራ አራቱ ዘጠኙ» ማለት ታማኝ አነጋገር ነው። ከአሥር ነጥብ አሰጥቶ አማካይ ማውጣትም ያሳስታል፤ ግማሹ ዘጠኝ፣ ግማሹ ሁለት የሰጡት ፊልምና ሁሉም አምስት ወይም ስድስት የሰጡት ፊልም በአማካይ አንድ ይሆናሉ፣ በተመልካች ልብ ያላቸው ቦታ ግን ፈጽሞ አይገናኝም።

የሰዎቹን አነጋገር ወደ መጽሐፍ አማርኛ አይለውጡ። የጎጃሙ አነጋገር ከነለዛው ይቀመጥ፤ የእርስዎ ማብራሪያ ብቻ በመደበኛው ጽሑፍ ይሁን። ምክንያት የሌለው ስድብና ፌዝ ይቅር፤ ምክንያት ያለው ቁጣ ግን ይግባ። ፊልሙን ላላየ አንባቢ ሲባል የሁለተኛውን ክፍል ፍጻሜ የሚገልጡ አስተያየቶችን በጽሑፉ መጨረሻ ለብቻቸው ያስፍሩ፤ ይህም ከርዕሱ አስቀድሞ ይነገር። ቅደም ተከተሉን በተመለከተ ከጥንቃቄ ጉድለት ይጀምሩ፣ በጥቂት ገንዘብ በብልሃት የተሠራውን ያስከትሉ፣ የግራፊክስ ቅሬታውን በአንድ አንቀጽ ይጨርሱ። ብዙዎች ይህንን ገልብጠው ስለሚጽፉ አንባቢው ስለ ኮምፒዩተር ምስል ብቻ አንብቦ ይተወዋል።

በውይይቱ ወቅት የተነገሩትን ጥቅሶች ከማሰራጨትዎ በፊት ለተናጋሪዎቻቸው ያንብቡላቸው፤ ስሙ እንዳይጠቀስ የሚፈልግ ሰው በሙያው ብቻ ይጠራ። ወረቀቶቹን ከፊልሙ ርዕስና ከታየበት ቀን ጋር አስረው ያኑሩ፤ ለሚቀጥለው ፊልምም እነዚያኑ ጥያቄዎች ሳይለውጡ ይጠይቁ፤ የሁለት ፊልሞችን አስተያየት ጎን ለጎን አስቀምጦ ማነጻጸር የሚቻለው ጥያቄው አንድ ሲሆን ነው።